ደሴ ያለ የድሮ ቤት፣ የበርና የመስኮት እንጨት ላይ የተደራረበውን ዘይት ቀለም እንዴት ላንሳው?

የጦሳ ስር

ሰላም ናችሁ ወገኖች፣ በእንጨትና በቀለም ስራ እጃችሁ ያለበት ሰዎች እስቲ አማክሩኝ። ደሴ ሸዋ በር አካባቢ አያቴ በጃንሆይ ጊዜ ያሰሩት ቤት አለን፣ ግድግዳው በጭድ የተቦካ ጭቃ ነው ጣሪያው ቆርቆሮ፣ አሁን እኔና ባለቤቴ ልንገባበት እያደስነው ነው። መብራቱም ወለሉም አልቋል፣ የቀረው እንጨቱ ነው፣ የበሮቹ መቃን፣ የመስኮቶቹ ክፈፍና መዝጊያ፣ ግድግዳው ስር ያለው ዞኮሎ፣ ከዛ ደግሞ ሳሎን ውስጥ ከበሩ አናት ላይ በእጅ የተፈለፈለ ጌጥ ያለው ጣውላ አለ፣ ቀለሙ ተደራርቦ ተደራርቦ ፍልፍሉን ሞልቶት ቅርፁ ራሱ አይታይም። አንዱ ጥግ ላይ በቢላ ፋቅ አድርጌ ሳየው ከላይ ነጭ፣ ቀጥሎ ግራጫ፣ ከዛ ክሬም ነገር፣ መጨረሻ ላይ ደማቅ አረንጓዴ ነው፣ ከአረንጓዴው ስር ያለው እንጨት ግን እንዴት ያለ ሸጋ መሰላችሁ፣ አባቴ ዋንዛ ነው ይላል።

እናቴ ምን አደከመህ ከላዩ ደግመህ ቀባው ነው የምትለው። ሰፈር ያለ ልጅ ደግሞ ግራይንደር ይዤ ልምጣና ባንድ ቀን ልጨርስልህ አለኝ። እኔ ደሞ ያ ጌጥ እንዲወጣ ነው የምፈልገው፣ አያቴ ያሰሩትን ሰው አይቶት አያውቅም እኮ፣ አባቴ ራሱ ልጅ እያለ ጀምሮ በቀለም ተሸፍኖ ነው የሚያውቀው። ችግሩ ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት የ3 አመት ልጅም አለን፣ ስለዚህ ኃይለኛ ሽታ ያለው ኬሚካል ፈርቻለሁ። ክረምት ሳይገባ መጨረስ አለብኝ። በምን ልጀምር? ኮስቲክ ሶዳ ያነሳዋል የሚሉም አሉ፣ እውነት ነው?

የቧንቧ ውሃ ልጅ

ወንድሜ ግራይንደሩን እንዳታስነካው። ዋንዛ ለስላሳ እንጨት ነው፣ ግራይንደር አንዴ ከነከሰው ቁስሉ አይጠፋም፣ ፍልፍሉንማ ድምጥማጡን ነው የሚያጠፋው። አቧራውም በየስንጥቁ ገብቶ ስንት ጊዜ ብትጠርግ አይወጣልህም። ሌላውን ባለሙያ ይንገርህ።

አናፂ ከኮምቦልቻ

አብሽር ወንድሜ፣ ስራው ይሰራል፣ ጊዜና ትዕግስት ነው የሚፈልገው። እኔ ከሀይቅ እስከ ኮምቦልቻ ብዙ የድሮ ቤት በርና መስኮት ነክቻለሁ፣ ከመጀመርህ በፊት የቱ እንጨት መገለጥ እንዳለበት ለይ ነው የምልህ፣ ምክንያቱም ሁሉንም ልግለጥ ካልክ ክረምቱ ይቀድምሃል።

በውጭ በኩል ያለው ቀለሙን ይዞ ይኑር። የደሴ ፀሀይ ከፍታው ላይ ስለሆነ ኃይለኛ ነው፣ ክረምቱን ደግሞ አንተ ታውቀዋለህ፣ ቫርኒሽ የተቀባ እንጨት ውጭ ላይ ቶሎ ተሰነጣጥቆ ይላጣል ከዛ ውሃ ይገባና እንጨቱ ይጠቁራል። እዛ ላይ የላላውን ብቻ አንስተህ፣ ጠንካራውን ጠርዝ አለስልሰህ መልሰህ ዘይት ቀለም ቀባው፣ እናትህ በዚህ በኩል ልክ ናቸው። ዞኮሎውንም ቀድመህ ፋቅ አድርገህ እየው፣ እንደዚህ አይነት ቤት ላይ ዋንዛው ለሚታየው ቦታ ይሰጥና ዞኮሎው ባህር ዛፍ ወይ ሌላ የተረፈ ጣውላ ሆኖ ይገኛል፣ እንደሱ ከሆነ ልፋትህን አታባክን። የኔ ቢሆን ያን የሳሎን ጌጥና የውስጥ መቃኖቹን ብቻ ነበር የምገልጠው።

አሰራሩ እንዲህ ነው። በሮቹንና መዝጊያዎቹን ከማጠፊያቸው ፈትተህ ግቢ አውጣቸው፣ የቱ ከየት እንደወጣ ጀርባው ላይ ቁጥር ፃፍበት፣ የድሮ በር ሁለቱ አይመሳሰልም አንዱ ባንዱ ቦታ አይገባም። መቃኑን ግን እንዳትነቅለው፣ ጭቃ ቤት ላይ መቃን ሲነቀል ልስኑን ይዞ ነው የሚመጣው ከዛ ሌላ ስራ ትከፍታለህ። ባለበት ስራው። ውሃ ውስጥ ትንሽ የሳሙና ዱቄት በጥብጠህ በመርጫ አርጥበው፣ ትንሽ ቆይተህ በስፓቱላ ፋቅ፣ ሲደርቅብህ እንደገና አርጥብ። ስፓቱላው ሹል ጥግ ካለው በሞረድ አክብበው፣ ካለዛ እንጨቱን ይቦጭቅልሃል። ስለቱን ቶሎ ቶሎ ሳል፣ የደነዘ ስለት ስለሆነ ነው ሰው ጉልበት የሚጨምረውና እንጨቱን የሚጎዳው። ሁልጊዜ እንጨቱ በሚሄድበት መስመር ፋቅ እንጂ አቋርጠህ አትሂድ።

ያ ፍልፍል ጌጥ ላይ ደግሞ ብረት አታስገባ። የወይራ እንጨት ቁራጭ ፈልግና ጫፉን በፍልፍሉ ልክ ቅረፀው፣ ወይራ ጠንካራ ስለሆነ የለሰለሰውን ቀለም ያወጣል ዋንዛውን ግን እንደ ብረት አይቆርጠውም። ቀሪውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ። የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ የሚጠቀሙ አሉ፣ አይሆንም፣ ስብርባሪው እንጨቱ ውስጥ ይቀርና እርጥበት ሲያገኘው ዝጎ ጥቁር ነጥብ ነጥብ ይሆናል፣ ያ ነጥብ ደግሞ በቀላሉ አይለቅም።

ሰኞ ገበያ

ይሄን ሁሉ ምን አደከማችሁት። በጋዝ የሚሰራ ቶርች ተከራይተህ ለብለብ እያደረክ በስፓቱላ ግፈፈው፣ እንደ ድንች ልጣጭ ነው የሚነሳልህ፣ ባንድ ቅዳሜ ይጨረሳል። ድሮ ቀለም ቀቢዎች ሁሉ እንደዛ ነበር የሚሰሩት።

አናፂ ከኮምቦልቻ

ወንድሜ ሰኞ ገበያ፣ ድሮ ይሰሩበት እንደነበር እኔም አውቃለሁ፣ ግን ይሄ ልጅ ግድግዳው ጭድ ያለበት ጭቃ ነው ብሏል። መቃንና ግድግዳ መሀል ሁልጊዜ ክፍተት አለ፣ እዛ ውስጥ የደረቀ ጭድ፣ የሸረሪት ድር፣ የአይጥ ጎጆ ይኖራል። ነበልባል በዛ ክፍተት አንዴ ከገባ አታየውም፣ ውስጥ ለውስጥ ሲጨስ ቆይቶ ሰራተኛው እቃውን ሰብስቦ ከሄደ በኋላ ማታ ነው የሚነሳው። እንደዛ ሆኖ ሌሊት ጎረቤት በባልዲ ውሃ ያዳነው ቤት በአይኔ አይቻለሁ። መስኮት ላይ ደግሞ መስታወቱን ያፈነዳዋል። ለጭቃ ቤት ነበልባል ፈፅሞ አልመክርም፣ ማንም ቢሆን።

ሂት ገን የሚባለው ሙቅ አየር የሚነፋው ማሽን ይሻላል፣ እሱም ቢሆን ከማጠፊያው የወጣ በር ላይ፣ ግቢ ውስጥ፣ ሙቀቱን ዝቅ አድርገህ። ቀለሙ ማበጥ እንደጀመረ መፋቅ ነው፣ እስኪጨስ መጠበቅ የለም።

መምህር ከወልድያ

ሰላም ለሁላችሁ። ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፣ አናፂው ካሉት ላይ የምጨምረው አለ፣ ጠያቂው ነፍሰ ጡርና የ3 አመት ልጅ ስላለው ነገሩ ቀላል አይደለም።

የድሮ ዘይት ቀለም ውስጥ እርሳስ ይኖራል፣ ሊድ የሚባለው ብረት ማለቴ ነው። ቀለሙ እንዲደምቅ፣ ቶሎ እንዲደርቅ፣ እንዲበረታ ይጨመርበት ነበር። በተለይ ደማቅ ቢጫ፣ ቀይና አረንጓዴ ላይ ሊድ ክሮሜት የሚባለው ይገባል፣ አረንጓዴው ብዙ ጊዜ ያ ቢጫ ከሰማያዊ ጋር ተደባልቆ የሚሰራ ነው። አንተ ደግሞ የመጀመሪያው ቅብ ደማቅ አረንጓዴ ነው ብለሃል። አሜሪካኖች ለቤት ቀለም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1978 ከልክለውታል፣ እኛ አገር ግን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 የወጣው በ2018 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ እሱ ነው ቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን 90 እጅ፣ እንዳይበልጥ የደነገገው። ስለዚህ ከዛ በፊት የተቀባውን ሁሉ፣ ነጩንም ግራጫውንም ጭምር፣ እርሳስ አለበት ብለህ ተነሳ። መርምረህ እስካላረጋገጥክ ድረስ ሌላ መንገድ የለም።

እርሳሱ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ እያለ ብዙ አይጎዳም፣ የሚጎዳው አቧራና ጭስ ሲሆን ነው። የአለም ጤና ድርጅት ለህፃን ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን የለም ነው የሚለው፣ አእምሮ እድገት ላይ ነው የሚሄደው፣ ከነፍሰ ጡር እናት ደግሞ በእትብት በኩል ወደ ፅንሱ ይተላለፋል። ልጅ መሬት ይነካል እጁን አፉ ውስጥ ያስገባል፣ መንገዱ ይሄው ነው። ግራይንደርም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ማሸትም የማይሆነው ለዚህ ነው። ነበልባሉም እንደዛው፣ ወደ 600 ዲግሪ ሲጠጋ እርሳሱ ራሱ ወደ አየር ይወጣል፣ የቶርች እሳት ደግሞ ከ1000 በላይ ነው። አናፂው በእርጥቡ ያሉት በጣም ትክክል ነው፣ ለእንጨቱ ብቻ ሳይሆን ለልጆቹም።

አሁን ኮስቲክ ሶዳ። አዎ ያነሳዋል፣ ምክንያቱም ዘይት ቀለም ዘይት ነው፣ ሶዳው ዘይቱን ሳሙና ያደርገዋል፣ ሳሙና አሰራር ያየ ሰው ይገባዋል። ግን ቆዳህንም እንደዛው ነው የሚያደርገው፣ አይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ማየት እስከማሳጣት ይደርሳል። እንጨቱንም ብዙ ጊዜ ያጠቁረዋል ፀጉሩንም ያስነሳዋል። የግድ ከሆነ ለወጡት በሮች ብቻ፣ ግቢ ውስጥ፣ በረጅም የላስቲክ ጓንትና በአይን መከላከያ። ሶዳውን ወደ ውሃው ጨምር፣ ውሃ ሶዳው ላይ በፍፁም አታፍስ፣ ይፈላና ይረጫል። የአሉሚኒየም ድስት ወይ ባልዲ አትጠቀም፣ ሶዳ አሉሚኒየምን ይበላል የሚነድ ጋዝም ያወጣል፣ ፕላስቲክ ባልዲ ይሁን። ሲያልቅ በብዙ ውሃ አጥበህ፣ አቼቶ በውሃ በጥብጠህ አብሰው፣ ካለዛ እንጨቱ ውስጥ የቀረው ሶዳ አዲሱን ቅብ ከስሩ ይልጠዋል።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም አደራ እላለሁ፣ የተረፈውን ሶዳ በሃይላንድ ጠርሙስ እንዳታስቀምጥ። ውሃ ነው የሚመስለው። ህፃን አንዴ ከተጎነጨው ጉሮሮውን አቃጥሎ ዕድሜ ልክ መዋጥ ያስቸግረዋል። የተረፈ እንዳይኖር የሚበቃህን ብቻ በጥብጥ።

ሱቅ ውስጥ የሚሸጥ ቀለም ማንሻ ጄል ካገኘህ ጀርባውን አንብብ፣ ሜቲሊን ክሎራይድ ወይ ዳይክሎሮሜቴን የሚል ካለው ቤት ውስጥ አትክፈተው። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ዝቅ ብሎ ይተኛል፣ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ደግሞ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይቀየራል፣ ማለትም የከሰል ጭስ የሚገድልበት ያው ጋዝ ነው። አሜሪካ ውስጥ መታጠቢያ ቤት ዘግተው ሲሰሩ የሞቱ ስላሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2019 ለተራ ሰው እንዳይሸጥ ተከልክሏል።

እሙ ሀይቅ

ወንድሜ አላህ ቤቱን የደስታ ያድርግላችሁ። መምህሩ ያሉት ላይ ከእናት በኩል ልጨምር፣ ምክንያቱም ወንዶች ስራውን ታያላችሁ ግቢውን አታዩም። ፍቅፋቂው ሚወድቅበት ቦታ በርበሬ ይሰጣ ይሆናል፣ እህል ይሰጣ ይሆናል፣ ዶሮ ይጭር ይሆናል። ዶሮ ያገኘችውን ነው የምትለቅመው፣ እርሳሱ በእንቁላሏ በኩል ተመልሶ ልጅህ ሳህን ላይ ይመጣል። ስራው እስኪያልቅ ዶሮዎቹን ዝጋቸው ወይ ጎረቤት አስቀምጣቸው፣ በርበሬውንም ሌላ ጊዜ ታሰጡታላችሁ። ወፍራም ላስቲክ ከስር አንጥፍ፣ ማታ ማታ ላስቲኩን ወደ ውስጥ ጠቅልለህ ፍቅፋቂውን በማዳበሪያ እሰር። ቤት ውስጥ በደረቅ መጥረጊያ አትጥረግ፣ በእርጥብ ጨርቅ አብስ፣ ጨርቁንም ጣለው። የስራ ልብስህን ከልጁ ልብስ ጋር አንድ ላይ እንዳታጥቡት፣ ተጣጥበህ ቀይረህ ነው ልጁን ማቀፍ።

ደሞ የተበላሸ ጣውላ ከወጣ ቀለም ያለበትን እንጨት ለማገዶ አታድርጉት፣ ይሄን ሁሉም ሰው ነው የሚያደርገው። የእንጀራ ምጣድ ስር ሲነድ ጭሱን የምትውጠው ጋጋሪዋ ናት፣ አመዱም ጓሮ ጎመን ላይ ነው የሚበተነው። ባለቤትህን ደግሞ ከተቻለ ስራው እስኪያልቅ እናቷ ጋር ላካት፣ ትንሽ ብትናፍቅህ ነው።

የጦሳ ስር

እናንተ ሰዎች አላህ ይስጣችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄን ሁሉ አላሰብኩትም ነበር በተለይ የዶሮውን። ግራይንደሩም ቶርቹም ቀርቷል። ባለቤቴን አናግሬያት ልጁን ይዛ ኮምቦልቻ እናቷ ጋር ልትሄድ ተስማምታለች፣ እናቴ ደሞ የውጭው ይቀባል ስላት ደስ ብሏታል። ኮስቲኩንም ትቼዋለሁ በውሃና በስፓቱላ ነው የምሰራው። ጋሼ አናፂ ሁለት ነገር ልጠይቅዎት፣ አንደኛ ማስክ የኮሮና ጊዜው ሰማያዊው ይበቃል ወይ፣ ሁለተኛ ከተገለጠ በኋላ ዋንዛውን ምን ልቀባው? አንፀባራቂ ቫርኒሽ አልወድም፣ እንጨት እንጨት እንዲመስል ነው የምፈልገው።

መምህር ከወልድያ

የማስኩን እኔ ልመልስ። ሰማያዊው ፊት ላይ ስለማይጣበቅ አቧራው በጎን ይገባል፣ አይበቃም። ቢያንስ ኤን 95፣ ካገኘህ ደግሞ ፊልትሩ የሚቀየር የላስቲክ ማስክ ይሻላል። ከስራው ጋር ምግብና ሻይ አታቀላቅል፣ ሲጋራም ጫትም አይሆንም፣ በእጅ የተነካ ነገር ሁሉ አፍ ውስጥ ነው የሚገባው።

አናፂ ከኮምቦልቻ

ጎበዝ፣ እንደዛ ነው። ሁሉም ቀለም ባይወጣልህ አትጨነቅ፣ ፍልፍሉ ስር ትንሽ አረንጓዴ ቢቀር የአያትህ ቤት ዕድሜ ነው፣ እሱን ልጨርስ ሲሉ ነው ጌጡን የሚያበላሹት። ከፋቅክ በኋላ በንፁህ ውሃ አብሰህ በደንብ ይድረቅ፣ ደሴ ጠዋት ጠዋት ጉም ስላለ ከኮምቦልቻ የበለጠ ቀን ስጠው፣ እርጥበት የያዘ እንጨት ላይ የተቀባ ነገር ሁሉ ነጭ ይሆናል ወይ ይላጣል። ማለስለሻውን ውሃ የሚችለውን ጥቁሩን ብርጭቆ ወረቀት እየነከርክ አሸው፣ አሁንም በደረቁ አይደለም።

ማጨረሻው ላይ ለምትፈልገው መልክ የተልባ ዘይት ነው። ለእንጨት ተብሎ የተፈላውን ፈልግ፣ ምግብ የሚሰራበት ጥሬው ለመድረቅ ብዙ ጊዜ ይወስዳል። አኳራጅ በሚባለው ማቅጠኛ ትንሽ አቅጥነህ በጨርቅ በስሱ ቀባ፣ ጥቂት ቆይተህ እንጨቱ ያልጠጣውን ሙልጭ አድርገህ ጥረገው፣ ካልጠረግከው ተጣብቆ አቧራ ይሰበስባል። አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን አትደርብ። ጎማላካ የሚባለው የእንጨት ቅብም ያምራል ግን ውሃና ሙቅ ነገር ሲነካው ነጭ ምልክት ያወጣል፣ ስለዚህ ለሳሎኑ ጌጥ ይሆናል ሰው እጁን ለሚያሳርፍበት መቃን አይሆንም።

ዘይቱን የጠረግክበትን ጨርቅ ግን ጨብጠህ ጥግ ላይ እንዳትወረውረው። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፣ የተጨማደደ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ክብሪት ሳይነካው በራሱ ይነዳል። ዘርግተህ ግቢ ውስጥ አጥር ላይ አስጣው፣ ደርቆ ከተገተረ በኋላ ጣለው፣ ወይ ውሃ ውስጥ ዘፍቀህ አቆየው።

ቀለሙን ከዛ ጌጥ አትጀምር። ከአንዱ በር ጀርባ ክንድ የምታህል ቦታ ፋቅ፣ አለስልስ፣ ዘይት ቀባ፣ በማግስቱ ከ4 ሰዓት በኋላ በቀን ብርሃን እየው፣ ከወደድከው ወደ መቃኖቹ እለፍ፣ ጌጡን እጅህ ከለመደ በኋላ መጨረሻ ላይ ስራው።